ለጥሩነሽ የታሰበው የውሃ ማሞቂያ

ለተወደድከው የልጅ ልጄ ለአድማሱ፤

ሰላምታዬ ካራማራን ተሻግሮ፣ ከድሬዳዋ ባቡር ተሳፍሮ፣ ደወሌ ላይ ፈታሾቹ ሳያስወርዱት ጅቡቲ ደጅህ ድረስ ይግባ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ወገቤን ያመኛል ያልከው ተሻለህ? ሚስትህ ኬሪያ እንዴት ናት? ልጃችሁ ንጋቷስ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም እንደ እኔ በድዷ ነው የምትኖረው? ሥራህስ እንዴት ነው፣ የጅቡቲ ሰው ፍሪጅ መበላሸቱን ቀጥሏል? ያንተ እንጀራ እሱ ነውና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ እንዲበላሽ እጸልያለሁ። ሙቀቱስ? ከዚያ ሙቀት በጆንያ ቋጥረህ ብትልክልን ኖሮ ይህ ሁሉ የማሽን ጣጣ ባላስፈለገን ነበር።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ደብዳቤ ላይ እንደሚባለው ነው። እኔ ጥርሴ፣ ጉልበቴና ዓይኔ ተራ በተራ ከተሰናበቱኝ በኋላ የቀረኝ ምላሴ ነው፤ እሱ ግን እንደ ጥንቱ ነው፤ ካላመንከኝ አያትህን ጠይቃት። የሚያሳስበኝ የእሷ የጥሩነሽ ነገር ነው። ቁርጥማቱ ከጉልበቷ አልፎ እጇ ላይ ወጥቷል። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አይዘረጉም። የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አትችልም፤ ሻሿን የማስርላትም እኔ ነኝ። አሳሰሬን ብታይ ትስቅ ነበር፤ እሷ ግን በመስታወት አይታ “ጦር ሜዳ የቆሰልኩ አስመሰልከኝ” ትለኛለች። ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር “እማማ፣ ጠዋትና ማታ እጅዎን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉ፤ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት እኔ ጋ የለም” አላት። እውነቱን ነው። ሳፋው ውስጥ ጥቂት ስታቆያቸው ጣቶቿ ይላቀቃሉ፤ ያኔ መጀመሪያ የምትሠራባቸው ሥራ እኔን መቆንጠጥ ነው።

ውሃውን የማሞቅላት እኔ ነበርኩ። ከሰሉን አቀጣጥዬ ድስቱን እጥዳለሁ፣ ሲሞቅ አወርዳለሁ፣ ሳፋው ላይ እገለብጣለሁ። ባለፈው ወር ግን ሳወርድ እጄ ከዳኝና እግሬ ላይ ደፋሁት። አሁን ድኛለሁ፤ አትጨነቅ። ለጎረቤቱ ሁሉ “እግሬን ስታጠብ ነው፤ ውሃው ትንሽ በዛበት” እያልኩ አስቄያቸዋለሁ። አያትህ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ድስት እንዳላነሳ ከለከለችኝ፤ እሷም ማንሳት አትችልም። ስለዚህ የሚፈላ ድስት መሐላችን አድርገን እንተያያለን። ጎረቤታችን ሱዕዲ ወደ ሱቋ ስትሄድ ጎራ ካለች ታወርድልናለች፤ ካልመጣች ውሃው ፈልቶ ፈልቶ ይነጥፋል፣ የአያትህም እጅ እንደተጨበጠ ይውላል።

አክስትህ አትጠገብ ይህን ሰማችና ከናዝሬት ጻፈች። እናቴን ልውሰዳት፤ አገሩ ሙቅ ነው፤ ሶደሬም ቅርብ ነው፤ ውሃው ራሱ ፈልቶ ከመሬት ይወጣል፤ ከሰል የለ፣ ድስት የለ አለች። አባቴም አብሮ ይምጣ ብላለች፤ ልጅ አይደለች፣ ትላለች እንጂ። እኔ እንዴት ብዬ እሄዳለሁ? የቤታችንን ነገር ታውቃለህ። በጦርነቱ ጊዜ ጥለነው ወጥተን ሐረር ከርመን ስንመለስ ቆርቆሮውም በሩም አልነበረም፤ የቀረልን ግድግዳው ብቻ ነበር። ዛሬ ደግሞ ቆልፎ የሄደ ሰው ቤት ባዶ ተብሎ ይመዘገብና ሌላ ሰው ይገባበታል። አባቴ ከወታደርነት ሲያርፍ በእጁ የሠራው ነው። አባትህ የተወለደበት ነው፤ አንተም ግድግዳውን ይዘህ መሄድ የተማርክበት። አንድ ቀን መንገዱ ተከፍቶልህ ብትመለስ የምትገባበት ሌላ ቤት የለንም። ስለዚህ እኔ በሩ ላይ ነኝ። ገበያ እንኳ ስወጣ ሰው አለ እንዲባል ወንበሬን በረንዳው ላይ ትቼ፣ ኮቴን ደገፋው ላይ ሰቅዬ ነው የምሄደው። ሰው የቤቱ ባለቤት እኔ እመስለዋለሁ፤ የእኔ ባለቤት ግን ቤቱ ነው፤ ከአጥሩ ብዙም አያርቀኝም። አንተ እዚያ ታስረሃል፣ እኔ እዚህ፤ ልዩነታችን አንተን ሙቀት እኔን ብርድ የሚጠብቀን መሆኑ ነው።

አያትህም ያለ እኔ ንቅንቅ አልልም አለች። “ናዝሬት ሄጄ ማን ያበሽቀኛል?” ነው መልሷ። ልክ በዚህ መሐል ያንተ የመጀመሪያ ደብዳቤ መጣ። የምሠራላቸው ፈረንሳዮች አገራቸው ሲገቡ ትተውልኝ የሚሄዱት የውሃ ማሞቂያ አለ፤ እንደ ፍሪጅ ሞተር አለው፤ ሙቀቱን ካየሩ ላይ ለቅሞ ውሃው ውስጥ ያስገባል፤ ከተራው ማሞቂያ ያነሰ መብራት ይበላል፤ ለቤታችሁ ይሆን እንደሆነ አይታችሁ ንገሩኝ አልክ። አያትህ ደብዳቤው ተነቦ እስኪያልቅ አልታገሠችም። ለአትጠገብ መልስ አስጻፈችኝ። የአድማሱ ማሽን እየመጣልኝ ነው፣ የትም አልሄድም፣ በቃ። እኔም ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

አንተ አይታችሁ ንገሩኝ ብለህ ሳለ እኛ ቤት አዘጋጀንለት። ዕቃ ቤቱን አስለቀቅንና ግንበኛውን ኤልሚን ጠራነው። ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ መረገ፤ ትንሿን መስኮት በጡብ ደፈነ። ሙቀቱ እንዳይወጣ ብለን ነዋ። ጨርሶ ሲወጣ “አዴር፣ እዚህ ውስጥ ዶሮ ብታስር ሳይታረድ ይበስልልሃል” አለኝ። እዚህ አገር ሽማግሌን አዴር እንደሚሉት መቼም አልረሳኸውም፤ እኔን ሲሉኝ ግን ከአክብሮቱ ጋር ትንሽ ሳቅ ይቀላቅሉበታል። አያትህ በበኩሏ በዚያ በማይዘረጋ ጣቷ ዳንቴል ጀመረች። ለሬዲዮው የሠራችውን ዓይነት ነው፤ ይህ ግን አቧራ እንዳይገባበት ማሽኑን ከአናቱ እስከ እግሩ የሚያለብስ። ቁመቱ የሰው ያህላል ብለህ ስለጻፍክ እኔን አቁማ ነው የለካችው። ዝም ብለህ ቁም፣ ማሽን አይቀባጥርም ስትለኝ ዋለች።

ቀጥሎ ሁለተኛው ደብዳቤህ ደረሰ። ማሽኑ እሳት የለውም፤ የሚያሞቀው በዙሪያው ባለው አየር ነው፤ ጠባብ ቦታ ከዘጋችሁበት የሚለቅመው ሙቀት ያልቅበታል፤ ራሱም ቀዝቃዛ ነፋስ ይተፋል፤ በምንም አትሸፍኑት አልክ። ኤልሚን አስጠርቼ የደፈንከውን መልሰህ ክፈት ስለው በጎን አየኝ። “ውሃ የሚያሞቅ ነገር እንዴት ብርድ ይተፋል?” አለ። ፍሪጅን ገልብጠህ አስበው አልኩት፤ ካንተ ደብዳቤ የሰረቅሁት ቃል ነው። “ፍሪጅ ከተገለበጠ ውስጡ ያለው ለስላሳ ይፈሳል” ብሎኝ መዶሻውን አነሳ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም ነበር። እንዲገባኝ ብዬ ሱዕዲ ሱቅ ሄድኩና ከቶጎጫሌ ካስመጣችው ፍሪጅ ጀርባ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ከኋላው ያለውን ጥቁር ሽቦ ስነካ ይሞቃል፤ በሩን ስከፍት ይቀዘቅዛል። ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት ነው በጀርባው የሚጥለው። ሱዕዲ “አዴር፣ ከፍሪጄ ጋር ምን አለህ? ለሚስትህ ልንገር?” አለችኝ። ነገሩን ስነግራት ግን ሳቋን ተወችና አጠገቤ ቁጭ አለች። “ዋላሂ፣ ይሄ ፍሪጅ ማታ ብቻ ነው ፍሪጅ የሚሆነው። መብራት ሲሄድ ሣጥን ነው። ቀን ቀዝቃዛ ለሚለኝ ሰው ጥላ ውስጥ ያዋልኩትን ነው የምሰጠው። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ያቃስታል፤ የበፊቱ ሞተር እንደዚያ ሲያቃስት ነው ተቃጥሎ የቀረው” አለችኝ።

እቤት ተመልሼ ክፍሉን ሁሉ እንደ ገዢ ዞርኩት። ዕቃ ቤቱ መስኮቱ ቢከፈትም ማሽኑ ገብቶበት እኔ ሆዴን ስቤ ነው የምቆመው። ሰፊው ክፍል መኝታ ቤታችን ብቻ ነው። እዚያ ቢቆም የሚለቅመው የማንን ሙቀት ነው? የእኔንና የአያትህን። ያለን ሙቀት ደግሞ ብርድ ልብሱ ሥር ያለው ነው። እጇን ሊያሞቅ ጀርባዋ ላይ ብርድ እየተፋ ሊያድር ነው። ሞተሩም ሲያጉረመርም ያድራል፤ ለማጉረምረሙማ እኔ እበቃታለሁ። በረንዳው ላይ ላቁመው ብዬ አሰብኩ። ቀን ቀን ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያግለው እዚያ ያለው አየር ማሽን ያጠግባል፤ ቀን ግን መብራት የለም። መብራቱ የሚመጣው ሲመሽ ነው፣ ሲመሽ ደግሞ የጅጅጋን ብርድ አንተው ታውቀዋለህ፤ በዚህ ወራት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ጥርስ ይነቅላል፣ ላለው ሰው። ሙቀት ሲኖር መብራት የለም፤ መብራት ሲኖር ሙቀት የለም። በብርድ እንደሚደክም፣ ውሃውን ለማሞቅም ብዙ ሰዓት እንደሚፈልግ ጽፈህልኛል፤ የእኛ መብራት ያን ያህል አይታገሠውም። ውሃውም ቢሆን ቧንቧው ደስ ሲለው ይመጣል፤ ሌላውን ጊዜ ከአህያ ጋሪ እየገዛን በርሜል ነው የምንሞላው። ከበርሜሉ ወደ ማሽኑ ማን ይገፋዋል? በርሜሉን ጣሪያ ላይ ብናወጣው እንኳ አህያዋ አትወጣልንም።

ማሽኑን አልሰድብም። ቀንም ማታም መብራት ላለው፣ ውሃው ለማይቆምበት፣ አየሩ ለሚሞቅ አገር ግሩም ነገር ነው። እንዲያውም ላንተ ቤት ልክ ነው፤ ችግሩ እዚያ ሙቅ ውሃ የሚፈልግ ሰው አለመኖሩ ነው። ከሚተፋው ነፋስ ፊት ንጋቷን አስተኛት፤ ውሃው ለልብስ ማጠቢያ ይሁን።

ይህን ሁሉ ለአያትህ ነገርኳት። ለሁሉም መልስ አላት። ለብርዱ ጋቢ አለን፤ ጩኸቱን ካንተ ጋር ኖሬ ለምጄዋለሁ፤ ውሃው ባይፈላም ለብ ካለ ይበቃኛል አለች። ዳንቴሉን ግን አልተወችውም፤ ነፋስ የሚወጣበት ቀዳዳ መሐሉ ላይ እተውለታለሁ ብላ ቀጥላለች። በሠራች ማግስት ጣቶቿ አብጠው ይውላሉ። እኔም ቁጭ ብዬ ሳያት ይገባኛል፤ የያዛት የማሽኑ ፍቅር አይደለም። ይመጣል እስከተባለ ድረስ ከእኔ ላለመለየት ምክንያት አላት። እኔም ብሆን ያው ነኝ። “ላከው” ብዬ ብጽፍልህ መንገድ ላይ ነው፣ ጉምሩክ ያዘው፣ ዕቃ ጎደለው እየተባለ ዓመቱ ያልፋል፤ እሷም አጠገቤ ትቆይልኛለች። እጇ ግን አይቆይላትም። ድሬሰሩ እንዲህ ተጨብጦ ከከረመ በኋላ ሙቅ ውሃም አይከፍተውም ብሎኛል።

ስለዚህ ማሽኑን አትላክ። ለቤታችን አይሆንም። ለአትጠገብ ዛሬ ጽፌላታለሁ፤ የይለፍ ወረቀቷን አውጥታ ከገና በፊት መጥታ እናቷን ትወስዳለች። ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አያትህ እኔ አይሆንም ብላት እየቀለድኩ ይመስላታል፤ ዕድሜ ልኬን የዘራሁትን አሁን ማጨዴ ነው። ያንተን ቃል ግን ትቀበላለች። ለእሷ ለብቻዋ ጻፍላት፤ ሙያህ ነውና ማሽኑ ጅጅጋ ላይ እንደማይሠራላት አስረዳት፤ ቀስ ብለህ። እኔ ብቻዬን እንደማልቀር ንገራት። ሱዕዲ አለች፣ ኤልሚ አለ። ኤልሚን ማብሸቅ እችላለሁ፤ አይቆነጥጠኝም እንጂ። ቤት መጠበቅ ከባድ ሥራ አይደለም፤ በቀን አንዴ ነቅቶ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው።

ኬሪያን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ላንተ ያላትን ትዕግሥት እግዜር ያብዛላት። ንጋቷን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ጥርስ ካወጣች መጀመሪያ አንተን ትንከስህ። ሱዕዲ ሰላም ብላሃለች፣ ፍሪጇን ሊያይላት መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። ኤልሚም ሰላም ይልሃል፤ የከፈተውን መስኮት እንደገና እንዳታስዘጋው አደራ ብሏል።

አያትህ አሁን ከአልጋዋ ሆና “ለአድማሱ ነው የምትጽፈው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። “ቶሎ ይላከው በለው፣ ብርዱ ገብቷል” አለች። ስለ ማሽኑ ነው የምጽፍለት አልኳት። ሾፌሩ ኢሴ ነገ በጠዋት ወደ ድሬዳዋ ይነሳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይህን አሽጌ ልሰጠው መውጣቴ ነው። እቤት ካደረ እቀደዋለሁ።

አያትህ ገብረየስ

ጅጅጋ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1979 ዓ.ም.