የልጄ ቀንድ አውጣዎች በፀጉር ቤቴ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ሥራ ቀዝቃዛ። ጠዋት ትንሽ ሰው ገባ፣ ከሰዓት አንድ ፂም፣ አለቀ። እሰየው፤ ለገንዳው ጊዜ አገኘሁ።

ልጄ ለትምህርት ስትሄድ ትታልኝ የሄደችው የጨው ውሃ ገንዳ ይኸው ከሁለቱ ወንበሮች መሀል ተቀምጧል። ቤት ቦታ የለም። እዚህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ሥር ነው። ዓሣ የለበትም። የገባ ደንበኛ ሁሉ "ዓሣው የታለ?" ይለኛል። ዓሣማ ማንም ያኖራል! የኛዎቹ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ትልቋ እትዬ ዝግታ ትባላለች። ትንንሾቹ ስም የላቸውም። ሌላ ቀንድ አውጣ የለቀቀው ዛጎል ውስጥ የሚኖረው ሸርጣን "ተከራይ" ነው፤ ረጃጅም ጢም ያለው ትንሹ የባሕር እንስሳ፣ ሽሪምፑ፣ "አንቴና"። ስም አውጪዋ ልጄ ናት።

ውሃው ጎደል ብሎ ነበር። ንጹህ ውሃ ጨመርኩ፣ ጨው የሌለበት። የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨውማ የት ይሄዳል? ይህን ለሬዲዮ ሳስረዳው አፉን ከፍቶ ቀረ። ሬዲዮ የምለው አብሮኝ የሚሠራውን ነው፤ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም። እሱን ዝም ማሰኘት ቀላል ነገር አይደለም። ኮራ አልኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ልጄ ደወለች። ሰላምታዋ ራሱ ምርመራ ነው።

"እጅህን ታጥበህ ነው የምትነካቸው?"

"አዎ።"

"ሳሙና ሳይኖረው? ሽቶ ሳይኖረው?"

"አዎ አልኩሽ እኮ!"

"አባዬ፣ እነሱ እንደ ፀጉር አይደሉም። ካበላሸሃቸው ተመልሰው አይበቅሉም።"

ምላሷ የኔው ነው፤ ምን እላታለሁ? ስትሄድ ገንዳውን ለአንዲት ጓደኛዋ ልትሰጥ ነበር። እኔ ነኝ ሙጭጭ ያልኩት። "አንዳቸው ቢሞቱ ግን ለሷ ትሰጣለህ" ብላ አስምላኛለች። ማልኩ። አይሞቱማ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ሰው በላይ በላዩ። ወገቤ ቁርጥ ብሏል። ልንዘጋ ስንል ወደ ገንዳው ዞር ብል ትንንሾቹ ከመስታወቱ ወድቀው በጀርባቸው ተንጋለዋል... ገለበጥኳቸው። ራሳቸውን ማቃናት ያቅታቸዋል፤ ካልደረሱላቸው እንደተንጋለሉ ይቀራሉ። እትዬ ዝግታ ዛጎሏ ውስጥ ገብታ በሯን ዘግታለች። ማን አስቀየማት?

ሰኞ፣ የካቲት 16

ሰኞ ዝግ ነን። ቢሆንም ሱቅ ሄድኩ። ባለቤቴ "እኔን ሲያተኩሰኝ እንዲህ ተሯሩጠህ ታውቃለህ?" አለች።

ሁሉም መስታወቱ ላይ! አረንጓዴውን አልጌ እየላጩ ነው፣ ደህና ናቸው። ጨውን ለካሁ፤ ልክ ነው። ታዲያ ቅዳሜ ምን ነበር?

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ከትንንሾቹ አንዷ ሞተች።

ሽታው ነው የነገረኝ። ቶሎ አወጣኋት፤ እዚያው ብትቀር ውሃውን አበላሽታ ሌሎቹን ትጨርሳለች። የቀሩትም ወድቀዋል።

ለልጄ ልዋሻት? ከትንንሾቹ አንዷ ብትጎድል ማን ያውቃል... ደወልኩላት፣ ነገርኳት። "እሺ አባዬ። ጓደኛዬ በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ ትወስዳቸዋለች" አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 23

ዛሬም ደህና! ቅዳሜ ይወድቃሉ፣ ሰኞ ይነሳሉ። ይሄ ምን ዓይነት በሽታ ነው ቀን የሚመርጥ?

ባዶው ሱቅ ውስጥ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ቅዳሜ ምን አለ? ሰው፣ ወሬ፣ ፀጉር፣ አልኮል፣ ሽቶ... እጄን በደንብ እታጠባለሁ። ታዲያ በየት በኩል ይገባል?

አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አየሩ ከየት ነው የሚመጣው? ብድግ ብዬ ቱቦውን ተከተልኩት። ቱቦው አየር ወደሚስበው ፓምፕ። ፓምፑ ከመደርደሪያው ሥር። ሬዲዮ ቆሞ በየአንገቱ ላይ አልኮልና ሽቶ ፊስስስ ከሚያደርግበት ሥር!

ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ። "እዚህ አይታይም፣ ያምራል" ብዬ። እጄን ስፈትግ ከርሜ፣ ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽቶ ሳጠጣቸው ኖሯል። ጥፊ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ፓምፑን ጓዳ አስገባሁት፣ ረጅም ቱቦ ቀጠልኩለት። አዲስ የጨው ውሃ በጥብጬ የገንዳውን ያህል እስኪሞቅ ጠበቅኩና የተወሰነውን ቀየርኩ፣ ቀስ እያልኩ። ድንገተኛ ለውጥ አይወዱም፤ በዚህ እንኳ ከኔ ጋር አንድ ነን። የማጣሪያውን ከሰልም ለወጥኩ። ከዚያ ደወልኩ።

"አንድ ቅዳሜ ብቻ ስጪኝ።"

"አባዬ..."

"አንድ።"

"እሺ። ማታ በቪዲዮ ታሳየኛለህ።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

ሱቁ ጢም ብሎ ዋለ። ሬዲዮ የጨረሰውን ሰው ሁሉ እየጎተተ በር ላይ ሲረጭ ዋለ። "ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ሽቶ የማይስማማቸው እመቤቶች አሉ፤ አንዴ ብቅ በልልኝ!" ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። እያንዳንዱን ፂም ስላጭ አንድ ዓይኔ ገንዳው ላይ ነበር። ሰው አለመቁረጤ!

ማታ ስልኩን መስታወቱ ላይ ደቀንኩት። ሁሉም እየሄዱ ነው። እትዬ ዝግታ ከላይ ሆና፣ ቀንዷን ዘርግታ።

"ጓደኛሽ ትምጣ?"

"ትቅር" አለች።

መጋቢት 20

ሬዲዮ "አንቴና ሞተ!" ብሎ ጮኸ፤ ግማሽ የተላጨ ደንበኛ ጥሎ። ምን ይሞታል! ቅርፊቱን ነው ያወለቀው። ራሱ ድንጋዩ ሥር ተደብቋል፣ አዲሱ ቆዳው እስኪጠነክር። ይህን ሳስረዳ ደንበኞቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። ትንሽ አስረዘምኩት መሰለኝ።

ግንቦት 11

መስታወቱ ላይ ነጫጭ ጠብታዎች በመስመር ተለጥፈዋል። በሽታ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለልጄ ፎቶ ላክሁ። ወዲያው ደወለች።

"እንቁላል ነው! እኔ ጋ አንድም ቀን ጥለው አያውቁም!"

"አልሰማሁሽም።"

"እኔ ጋ ጥለው አያውቁም!"

ሰምቻት ነበር።

ሐምሌ 9

ልጄ መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ቤት ሳታደርስ በቀጥታ ሱቅ። እኔን አቀፈችኝና እዚያው ገንዳው ፊት ተንበረከከች። ብዙ ቆየች። ምን ጎደለ? ምን አየች? ማበጠሪያ ይዤ እንደ ተፈታኝ ቆሜያለሁ። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ወደ ውሃው...

"ቆዪ! ታጥበሻል? የእጅሽ ቅባትስ?"

ከአፌ አመለጠኝ። ሬዲዮ እንኳ ዝም አለ። ቀና ብላ አየችኝ።

"አልታጠብኩም፣ አባዬ።"

ሄዳ ታጠበች። ተመልሳ ትንሽ ልጅ ሳለች እንደምታደርገው መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። አሸተትኩት። "አሁን ይሆናል" አልኳት።

"ልትወስጃቸው ነው?" ማለት ፈልጌ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። በዚህ መሀል አንድ አዲስ ደንበኛ ገባና ያንኑ የፈረደበትን ጥያቄ ጠየቀ።

"ዓሣው የታለ?"

አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ፤ ዓይኗን ከገንዳው ሳታነሳ።

"ዓሣ የለም። የአባቴ ቀንድ አውጣዎች ናቸው።"

የአባቴ፣ አለች።