ዙሐል በአንድ ዓይን

የካቲት 26 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:30

የ9ኛ ቢን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ግማሹ ክፍል ክብደትንና መጠነ ቁስን አሁንም አንድ ያደርጋል። ጣቴ ቀይ በቀይ። ራት ሽሮ፣ ትናንትም ሽሮ፤ ጾም ነው፣ ምን ይደረግ።

እማዬ ከደብረ ወርቅ ደወለች፣ በጎረቤት ስልክ። አባዬን ዓይናቸውን አሟቸዋል። ሰኞ ማርቆስ ሆስፒታል ይመጣሉ። የሚያርፉት እኔ ጋ። ይህን ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ደብተሬ፣ አንቺ አዲስ ስለሆንሽ አታውቂም፤ ያኔ የምጽፈው በሌላ ደብተር ነበር። በአጭሩ፦ አባዬ መሪጌታ ናቸው፣ የድጓ መምህር። ከሰባት ዓመት በፊት ለአንድ ተማሪያቸው ሊድሩኝ ቃል ሰጡ። ልጁ ዲያቆን ነው፤ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት ነበረበት። በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ውጤቴ መጣ። ሄድኩ። አልተቆጡኝም፣ አልረገሙኝም። ማውራት ብቻ ተዉ። እንዴት ሰነበትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለቀ። በሰባት ዓመት አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ አያውቁም። የምን አስተማሪ እንደሆንኩ እንኳ።

ልጅ ሳለሁ ግን ከእኔ ጋር ነበር ወሬያቸው ሁሉ። ባሕረ ሐሳብን በጣቶቼ አንጓ ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ፋሲካ መቼ እንደሚውል ከእማዬ ቀድሜ አውቅ ነበር። ሴት ልጅ ምን ታደርግበታለች ሲሏቸው ይስቁ ነበር። ያ ሳቅ ይናፍቀኛል። ይናፍቀኛል ማለት ያንሰዋል፤ ሌላ ቃል ግን የለኝም።

የካቲት 30፣ ሰኞ

መጡ። መናኸሪያ ተቀበልኳቸው። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ትከሻዬን ያዙ። ያቀፉኝ መሰለኝ። ደረጃው ስላልታያቸው ነው።

ሆ/ል እስከ 8 ሰዓት ተሰለፍን። ግላኮማ ነው አለች ዶክተሯ። የዓይን ግፊት። ግራው ጠፍቷል። ቀኙ መሐሉ ብቻ ቀርቷል፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። የጠፋው አይመለስም። ጠብታ አዘዘች፣ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ያለ ጠብታ ወራት፣ በጠብታ ምናልባት ትንሽ ረዘም ይላል። ሦስት ሳምንት ለክትትል እዚሁ ይቆያሉ።

አባዬ ሁሉንም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሲጨርሱ ዶክተሯን መረቁ። እኔን ምንም አላሉኝም።

አልጋዬን ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉ። ፍራሽ አነጠፍኩ። እነሆ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ሰው፣ እና ዝምታ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:00

ደብተሬ፣ ጠየቁኝ!

ለሳይንስ ክበብ በትልቅ ወረቀት ሳተርንን እሥል ነበር። ቢጫ ቀለም፣ ዙሪያውን ሰፊ ቀለበት፣ እንደ መማሪያ መጽሐፉ። አባዬ ከፍራሹ ተነሥተው መጡ። አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ጎነበሱ። ይህ ባርኔጣ ያጠለቀው ምንድን ነው አሉ።

ሳተርን ነው፣ ከፀሐይ ስድስተኛው፣ ከትልልቆቹ አንዱ አልኩ። ትንሽ አሰቡና፣ ዙሐል ነዋ፣ አሉ። ያውቁታል። ከሰባቱ ተንቀሳቃሽ ከዋክብት ሁሉ አዝጋሚው። ግን ባርኔጣ እንዳለው ማንም አልነገራቸውም። ባርኔጣ አይደለም፣ ቀለበት ነው፣ በረዶ ነው፣ አልኩ። በዓይንሽ አይተሻል ወይ አሉ።

እዚህ ላይ አፌ ቀደመኝ። ትምህርት ቤት ቴሌስኮፕ አለ፤ አሳይዎታለሁ አልኩ። እኔ ራሴ አይቼ አላውቅም። ሦስት ዓመት ያስተማርኩት ከሥዕል ነው።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ቴሌስኮፑ ካለፈው ዓመት በፊት አንድ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ ትቶት የሄደ ነው። ካርቶኑ አልተከፈተም። የንብረት ክፍሉ አቶ ጌታሁን፣ ያልተከፈተ ዕቃ ይበላሻል ብለው ይፈራሉ። የተከፈተም ይበላሻል ብለው ይፈራሉ። የዕቃ መጠየቂያውን ሞዴል 20 ሞላሁ። ዳይሬክተሩ ፈረሙ። አቶ ጌታሁን ፊርማውን ሁለት ጊዜ አዩት፤ ከዚያ እንደ ሬሳ ሣጥን ቀስ ብለው አወጡልኝ።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ከኢንተርኔት ቤት ባሳተምኩት የሰማይ ካርታ ፈለግኩት። ከራት በኋላ፣ ለብቻዬ፣ ከአከራዮቼ ጓሮ። በምሥራቅ በኩል የማይርገበገብ ቢጫ። እሱ ነው።

ቴሌስኮፑ ውስጥ አገባሁት። ቀለበት የለውም።

ክብ ነገር አለ። በመሐሉ የተሻገረ ቀጭን መስመር አለ። ሎሚ ላይ የተሰካ መርፌ። ያ ብቻ። ሌንሱ ቆሽሿል።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ሌንሱን በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩ። መርፌው እዚያው ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባዬ፣ ዛሬ ነው ወይ አሉ። ደመና አለ አልኩ። ደመና አልነበረም። በጾም ዋሸሁ።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ካርታውን ያተምኩበት ገጽ ከታች ይቀጥል ነበር። እኔ ካርታዋን ብቻ አትሜ መውጣቴ! ዛሬ ተመልሼ አነበብኩት።

ቴሌስኮፑ ደኅና ነው። ሳተርን ዘንበል ብሎ ነው ፀሐይን የሚዞረው። ቀለበቱን አንዳንድ ዓመት ከላይ እናየዋለን፣ አንዳንድ ዓመት ከታች። በመካከሉ ጠርዙን የሚያዞርብን ጊዜ ይመጣል። ዘንድሮ ያ ጊዜ ነው። ሥዕሉ ላይ እንዳለው ወለል ብሎ የሚከፈተው ከስምንት ዓመት በኋላ።

ስምንት ዓመት። ዶክተሯ ያለችው ወራት።

ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ነበር የምመኘው፤ ምን ብለሽ ነው ጥለሽን የሄድሽው ብለው እንዲጠይቁኝ። እኔም እጃቸውን ይዤ፣ ይኸው ይህን ብዬ፣ እንድል። አሁን ጠየቁኝ። የማሳያቸው መርፌ ነው።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ተጣላን። እኔ ተጣላሁ ልበል።

የጠብታው ብልቃጥ ብዙም አልጎደለም። ዘጠኝ ቀን፣ ሦስት ጊዜ በየቀኑ፤ መጋመስ ነበረበት። ጠየቅኳቸው። እውነቱን አወጡት። ጠብታው ዓይን ሲገባ ጉሮሮ ድረስ ይመራል። የመረረ ነገር ጉሮሮ ከደረሰ ጾም ተገደፈ ማለት ነው። ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት አይጨምሩም። የጠዋቱ ቀረ፣ የቀትሩም ቀረ። የማታውን ብቻ።

ጮኽኩባቸው። በዕድሜዬ ጮኼባቸው አላውቅም። ሌላ ሕመምተኛ መጥቶ ቢጠይቅዎት ምን ይሉት ነበር አልኩ።

"ጨምር እለዋለሁ።"

"ታዲያስ?"

"እኔን የጠየቀኝ የለማ።"

"እኔ ጠየቅኩዎት።"

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ላይ አቀኑ። አገጫቸውን ይዤ ጨመርኩ። ከጠዋቱ 1:20 ነበር፣ ሥራ ረፈደብኝ። ቆዳቸው እንዴት ሳስቷል።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ዝናብ። እውነተኛ ደመና። ተመስገን።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12:40

ትናንት ራት እንደበላን ሰማዩ ጠራ። እንውጣ አሉ። ማምለጫ አልነበረኝም።

ጓሮ ዱካ አወጣሁላቸው። ሲጎነበሱ ጥምጥማቸው ቱቦውን ገጨ። አወለቁት። ራሳቸውን ያለ ጥምጥም ካየሁ ስንት ዘመኔ፤ ነጭ ሆኗል፣ ሁሉም። በቀኝ ዓይናቸው ተመለከቱ። ያ የቁልፍ ቀዳዳ ለዚህስ በቂ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ መሐሉ አለ።

ሸሸ አሉ። እሱ አልሸሸም፣ የምንዞረው እኛ ነን አልኩ፤ መልሼ አገባሁላቸው። አሁንም ሸሸ። መልሼ አገባሁ። እንዲህ ስንል ቆየን። በመጨረሻ ቀና አሉ።

አየሁት፣ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ያህላል አሉ። መስመሩስ አልኩ። መስመር አላየሁም አሉ። አይዋሹም እኮ። ለእኔ ብለው እንኳ አይዋሹም።

ነገርኳቸው። ቀለበቱ ዘንድሮ ጠርዙን እንዳዞረ፣ ሳላውቅ እንዳስጎመጀኋቸው፣ ስምንት ዓመት እንደሚቀረው። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ መሄድ ጀመረ። ሲቆጥሩ እንዲህ ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ምን ቆጥረው ምን ላይ እንደደረሱ ገባኝ፤ ጨለማ ስለነበር ፊቴን አላዩትም።

ከዚያ ዱካው ላይ ተቀመጡ። የእሳቸው መምህር ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ድጓን ከእሳቸው ሲማሩ ስምንት ዓመት መጽሐፍ አልገለጡም። መምህሩ ይላል፣ ተማሪው በቃሉ ይቀበላል። ይህን ነገሩኝና፣

"በይ፣ አስቀጽዪኝ" አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ዙሐልን ከመጀመሪያው አስቀጽዪኝ፣ እኔ እቀበላለሁ አሉ።

ጀመርኩ። እንደ ክፍሌ ፈጠንኩ። አስቆሙኝ። መምህር ሲያስቀጽል አይሮጥም፣ ተማሪው ሳይቀበል አያልፍም። እንደገና።

ወርዱ ምድርን ዘጠኝ ጊዜ ጎን ለጎን ቢደረድሩ ነው። ተቀበሉ። እግር የሚረግጥበት መሬት የለውም፤ አየር ነው፣ ወደ ውስጥ ሲገቡ እየወፈረ የሚሄድ። ተቀበሉ። ቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለጾመኛ ይመቻል አሉ። ዓመቱ የእኛ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ነው። እንግዲያስ እኔ በዙሐል ገና ሁለት ዓመቴ ነው አሉ። ፈጥኖ ስለሚሽከረከር ወገቡ ሰፍቷል። ትልቅ ነው ግን ልል ነው፤ የሚበቃው ባሕር ቢገኝ ይንሳፈፋል። እዚህ ላይ ቆሙ። የሚበቃው ባሕር የት ሊገኝ ነው አሉ።

ሳቁ። ደብተሬ፣ ሳቁ።

ቀለበቱ ላይ ደረስን። የበረዶ ስብርባሪ ነው፣ ከአሸዋ እስከ ቤት የሚያህል፣ እያንዳንዱ በየራሱ የሚዞር። ዳር እስከ ዳር ከሁለት መቶ ሰባ ሺ ኪ.ሜ. ይበልጣል። ውፍረቱ ግን ብዙውን ቦታ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ከፍታ አያልፍም። ይህን ሦስት ጊዜ አስባሉኝ። ያን ያህል ሰፍቶ ያን ያህል ከሳሳ፣ በጠርዙ ሲያዞሩት አለመታየቱ ምን ይገርማል አሉ። የእኔን ጥፋት እሳቸው አስረዱልኝ።

መጋቢት 13፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ከቅዳሴ መልስ ሁሉንም በቃላቸው አሉት። አንድም አልዘለሉም። አንድ ቦታ እንዲያውም እኔን አረሙኝ፤ ዓርብ ዕለት ከነገርኳቸው ቁጥር ዛሬ ሳጣራ ያልኩት ያንሳል። ልክ ነበሩ። ውኃ ልቀዳ ብዬ ወጥቼ አለቀስኩ።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ቴሌስኮፑን መለስኩ። አቶ ጌታሁን ዕቃውን ቆጠሩ። ምን አያችሁ አሉኝ። ሽንኩርት አልኩ።

ማታ የዙሐልን ጨረቃዎች አስቀጸልኳቸው። ትልቁ ጨረቃ የራሱ አየር አለው። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል ብዬ ነገርኳቸው። አሁን የምናየው የቅድሙን ነው ማለት ነው አሉ፤ ቆይተው ደግሞ፣ ሰውም እንደዚያው ነው፣ እኔ ሳይሽ የኖርኩት የያኔዋን ነበር አሉ። ጠብታውን ጨመርኩላቸው።

ስለ ሰባቱ ዓመት ያሉት ይህንን ብቻ ነው። ሌላም አልፈልግ።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 5:30

ሄዱ። ሕማማት ሳይገባ ደብራቸው መገኘት አለባቸው። ዶክተሯ ግፊቱ ወርዷል ብላለች። ዓይኑ ግን ያው የቁልፍ ቀዳዳ ነው፣ እያደር የሚጠብ።

መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆምን። ከዙሐል ወዲያ ማን አለ አሉ። ሁለት አሉ፣ ትልልቅ፣ ጥንት ያልታወቁ አልኩ። ሳይጨርስ የተነሣ ተማሪ ሆንኩ አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል፣ የምር።

ረዳቱ ጠራ። ልሳለማቸው ስል ጎነበሱ። የሆነ ነገር የወደቀባቸው መሰለኝ። ለካ ጉልበቴን ሊስሙ ነው። የአብነት ተማሪ ከመምህሩ ሲለይ ጉልበት ስሞ ነው የሚሰናበተው። ስንቱን ተማሪ ሲስማቸው አይቻለሁ። ሁለት ትከሻቸውን ይዤ አነሣኋቸው። ኧረ አባዬ አልኩ። ሥርዓት ነው አሉ። ሰው ሁሉ ያየናል። መቋሚያቸውን አቀበልኳቸው። ሚኒባሱ ሄደ። ጥምጥማቸውን በመስኮት በኩል አየሁ፤ ከዚያ አቧራ።

ወደ ክፍል አልሄድኩም። ቀጥታ ጽ/ቤት ገብቼ የዝውውር ቅጽ ጠየቅኩ። ጸሐፊዋ ደነገጠች፤ ከማርቆስ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚጠይቅ የለም። ስም። የትምህርት ዓይነት። የሥራ ዘመን። የሚፈለግበት ቦታ፦ ደብረ ወርቅ።

የዝውውሩ ምክንያት የሚል ባዶ መስመር አለ። ጋብቻ፣ ሕመም፣ የቤተሰብ ችግር፣ ከእነዚህ አንዱን ጻፊ አለችኝ። የቤተሰብ ችግር ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። ከላዩ፣ በደንብ እንዲነበብ አድርጌ፦

እዚያ አንድ ተማሪ አለኝ።