የእትዬ ድንቄ ጣቶችና የእኔ ጣት

ቅዳሜ

የእትዬ ድንቄን ሁለት ጣት ቆረጠው። የቀኝ እጃቸውን። ትንሿንና የቀለበቱን።

በተራ ልጻፈው፣ አለዚያ አብዳለሁ።

ዛሬ እትዬ ድንቄ የሚኖሩበት የሁሩሙ ገበያ ነው፣ ሰፈሩ ጭር ይላል። ታደለ ይህን አውቆ መጣ። ታደለ የአያንቱ ባል ነው። እዚህ መቱ ባጃጅ ይነዳል፣ ለተሳፋሪው ሁሉ ፈገግታ ያድላል፣ ቤቱ ሲገባ ደግሞ በጎማ መፍቻ የሚስቱን ጎድን ይሰብራል። አያንቱ ካመለጠችው ወር ሆናት። እትዬ ድንቄ ቤት የደበቅናት እኔና ሌንሳ ነን።

በሩን በገጀራ ፈለጠው። እትዬ ድንቄ በስልሳ ምናምን ዓመታቸው ከውስጥ መዝጊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ገጀራው በስንጥቁ ዘለቀ።

ከዚያ ቤቱን ገለበጠው። ሣጥኑን ሰበረ፣ ፍራሹን ዘለዘለ፣ እሳቸውን በጸጉራቸው ይዞ ጎተተ። "የት ደበቅሻት አንቺ አሮጊት!" አያንቱ ግን የለችም። ሐሙስ ዕለት ያዮ ወስደናታል፤ ቡና ለቀማው ስለደረሰ በለቃሚ መሀል አትታወቅም ብለን። እትዬ ድንቄ ይህን ያውቃሉ። ጣታቸው መሬት ላይ ወድቆ እያዩት አልተናገሩም። ሰው ከገበያ መመለስ ሲጀምር ታደለ ሮጠ።

አሁን መቱ ሆስፒታል ናቸው። ደሙ ቆሟል። ሲያዩኝ አላለቀሱም። "ቤቴን ማን አሳየው?" ብቻ ነው ያሉኝ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሦስት ሴቶች ወሬያቸውን በመሀል ቆረጡ። እኔን ሲያዩ! ወሬ የሚጀመረው እኮ እኔ ስደርስ ነበር። አልፌያቸው ስሄድ አንዷ "ያ አፏ" ስትል ሰማኋት።

እውነት ነው፣ ወሬ እወዳለሁ። መጽሔት ላይ የቤት ጣጣ ዓምድ የምጽፍ ሴት ወሬ ባትወድ ምን ልትበላ ነው? ግን ይህን አልተነፈስኩም።

ቤቱን የምናውቅ፦
እኔ።
ሌንሳ።
አያንቱ።
ራሳቸው እትዬ ድንቄ።

ከሰዓት በኋላ ሌንሳ መጣች። ሌንሳ ገበያው ጥግ ኮምፒውተር የምትጠግን ልጅ ናት፣ እንደ ልጄ የማያት። አልቀመጥም አለች። ዓይኔን ሳታይ "እትዬ አስቴር፣ ለማን ነገሩ?" አለችኝ።

"ለማንም!"

"ለጸጉር ሠሪዋም?"

"ለጸጉር ሠሪዋ የነገርኳት የዲያቆኑን ጋብቻ ነው!"

አልሳቀችም። እኔም አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ከዚያ ድንገት ቀና ብላ፣ "ቤቱን የሚያውቅ አምስተኛ አለ" አለችኝ። "ሰርቨሩ።" ሮጣ ወጣች።

እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ምን አሰብኩ? ታደለን። በምን እንደምመታው። የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ የእናቴ ምርኩዝ። ለሌላ ሰው የማልነግረውን እዚህ ልጻፍ፦ ደስ እያለኝ ነው ያሰብኩት።

ሰኞ

እኔ ነኝ።

ጠዋት ሌንሳ ሱቋ ጠራችኝና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። እየጻፍኩት ለራሴ ላስረዳ።

"አስጠጊኝ" የምንለው አፕ የመጣው ከደብዳቤዎቼ ነው። "እትዬ፣ ዛሬ ሊገድለኝ ነው፣ የት ልሂድ?" ትለኛለች ሴቲቱ። መልሴ መጽሔት ላይ እስኪወጣ ወር። ስለዚህ ሌንሳ አፑን ሠራች፤ ሴቲቱ ስልኳን ትጫናለች፣ በአቅራቢያዋ ያለ አስጠጊ ይደወልለታል። አፑ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። ከየትም አገር የፈለገ አይቶ፣ አሻሽሎ ይልካል። ብዙ ደጋግ ሰዎች ልከውልናል።

የተላከውን የሚፈትሸው ሰው አይደለም። የሰው እጅ ሳይነካው የሚፈትሽና አፑን የሚገጣጥም ማሽን አለ፣ ሌንሳ "ፋብሪካው" ትለዋለች። ፋብሪካው የሰርቨሩን፣ መረጃችን ሁሉ ያለበትን ኮምፒውተር፣ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚሠራው። አዲስ ሰው ሥራ ሲልክ "ላስገባው?" ብሎ ይጠይቀናል። አንዴ ከተፈቀደለት ግን ዳግመኛ አይጠይቅም። ፈቃጆቹ እሷና እኔ ነን። እኔ ኮድ አላውቅም፤ የአፑን የአማርኛ ጽሑፍ ስለማርም ነው ፈቃዱ የተሰጠኝ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት "ወንድማችሁ" የሚባል ሰው ጻፈ። "አከም ጅርቱ እትዬ? ማቲን ነጋዳ? እናትዎ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ዝናቡ አባራላችሁ?" በኦሮምኛ ደህንነቴንና ቤተሰቤን ጠይቆ ነው የጀመረው፤ የእናቴን ጉልበት ዓምዴ ላይ አንብቦ መሆን አለበት። ሰላምታው ግማሽ ገጽ፣ የላከው ሥራ አንድ መስመር። እኔም ልቤ ቅቤ ሆኖ "ፍቀድ" የሚለውን ተጫንኩ። እኛ አገር እንዲህ አድርጎ ቤተሰቡን ሁሉ የጠየቀ ሰው በር ላይ አይቆምም። ገብቶ ይቀመጣል። ከረጢትህን ፍታ የሚለው የለም።

በሁለተኛው ቀን ሌላ ሥራ ላከ። ፋብሪካው አልጠየቀም፣ ለፍተሻ አስገባው። መሀሉ ላይ ሁለት መስመር ትእዛዝ ነበረች፦ ቁልፉን ከኪስህ አውጣና ላክልኝ። ሥራው የእኛ ኮድ ውስጥ እንኳ አልገባም፤ ፋብሪካው ሲፈትሸው ነው የተዘረፍነው። ከዚያ ሰውዬው ራሱ መልሶ ወሰደው። "ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው። ለእናትዎ ሰላምታ ያቅርቡልኝ።"

እኔም ከሥሩ መልሻለሁ። እዚያው ተጽፎ አለ። "እግዜር ይስጥልኝ።"

በቁልፉ የአስጠጊዎቹን ዝርዝር ከፈተ። ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ። የመጀመሪያዋ እትዬ ድንቄ።

በአፌ አላወጣሁም። በጣቴ ነው ያወጣሁት።

"ሁለተኛው ማነው?" አልኳት። ሌንሳ ገረጣች። "ጋሼ ነጋሳ። ያዮ።"

አያንቱ ያለችው እሳቸው ጋ ነው። ደወልን፣ ስልካቸው ጫካ ውስጥ አይሠራም። "በአፑ መልእክት እንላክ" አልኩ። "አፑን ማን እንደያዘው አላውቅም፣ ቁልፉን ሳልቀይር ምንም አልክም" አለች፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትሰርዝ ጀመር። እኔ ለፖሊስ ነግሬ ሚኒባስ ውስጥ ዘለልኩ። የተፈጠረውን ነገ እጽፋለሁ። አሁን እጄ የሰው ደም ይሸታል።

ማክሰኞ

ታደለ ቀድሞኝ ነበር። እንደ ለቃሚ ሆኖ፣ ቅርጫት አንጠልጥሎ።

ጋሼ ነጋሳ ንብ አናቢ ናቸው፣ ቡናም አላቸው። ለቀማ የመጣን ሰው ከየት ነህ አይሉም። ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው። ገጀራ በር ላይ ይቀመጣል። ለቃሚ ከተመራለት ዛፍ ወደ ቤቱ አይዞርም፤ ውኃ ቢጠማው ውኃው ይመጣለታል። ታደለ ገጀራውን አስቀምጦ ገባ፣ ምን ያድርግ? ግማሽ ቀን ለቀመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቡና ማድረቂያው አልጋ፣ ወደ ቤቱ ጠጋ ጠጋ ሲል ጋሼ ነጋሳ አዩት። "አንተ! ዛፍህ ወዲያ ነው!" ብለው ጮኹ።

አያንቱ ድምፁን ሰምታ ብቅ አለች። ታደለ ዘሎ አንገቷን ያዘ።

እኔ የደረስኩት እዚህ ላይ ነው። ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ቅርንጫፍ የሚጎነበስበት ሜንጦ እጇ ላይ ነበር፣ ቅንድቡን በሱ ሰነጠቀችው። አንድ ጊዜ አይደለም። ሲለቃት አላቆመችም። "ይሄ የጎድኔ! ይሄ የእትዬ ድንቄ!" እያለች። ከዚያ ለቃሚዎቹ ደረሱ። ዱላ፣ ድንጋይ፣ እርግጫ። ጥርሱ ሲወልቅ ድምፁን ሰማሁ፤ ደረቅ በቆሎ እንደ መፈልፈል ነው።

እኔስ? መሬት ላይ የተዘረጋ እጁን አየሁ። ጣቶቹን በጫማዬ ረገጥኩ። ዞሬ ደግሜ ረገጥኩ። ስንት ዓመት ሙሉ "ልጆቼ፣ ቁጣን በትዕግሥት" እያልኩ ስጽፍ የኖርኩት ሴት።

ያን ጊዜ ደም እየተፋ ሳቀብኝ። "አንቺ አይደለሽ የከፈትሽልን! የእህቴ ልጅ 'አሮጊቷን በሰላምታ አፈዘዝኳት' ብሎ ስንት ቀን ሳቀብሽ!"

አያንቱ ሰማች። ሜንጦውን ዝቅ አደረገች። አየችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሊገድሉት ነበር። ያስቆሙት ጋሼ ነጋሳ ናቸው፣ መሀል ገብተው፣ አንድ ዱላ ትከሻቸው ላይ አርፎባቸው። "በኔ ቡና ሥር ሬሳ አይወድቅም!" አሉ። ፖሊስ እስኪመጣ በቀፎ ገመድ አስረውት ከጎኑ ተቀመጡ።

ረቡዕ

ሌንሳ ሁለት ቀን ሙሉ ከወንበሯ አልተነሳችም። ዛሬ ጋሼ ነጋሳ ትከሻቸውን ሊታዩ መቱ መጥተው ሱቋ ገቡ። ፋብሪካው ምን እንደሆነ አስረዳቻቸው። ሰምተው ሰምተው፣ "ታዲያ ለለቃሚ የጎተራ ቁልፍ ማን ይሰጣል? እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ጤናችሁን ነው?" አሉ።

ሌንሳ በሐፍረት ቀላች። ግን የሠራችው ይህንኑ ነው፦

የውጭ ሰው ሥራ የሚፈተሽበት ፋብሪካ ከእንግዲህ ኪሱ ባዶ ነው። ቁልፍ የለውም። ቢሰርቅም የሚሰርቀው የለም።

ቁልፍ ያለው ፋብሪካ ለብቻው ነው፣ እኛ አንብበን የተቀበልነውን ብቻ ይገጣጥማል።

ትናንት የተፈቀደለት ሰው ዛሬም ይጠየቃል። ነገም።

የፋብሪካውን ደንብ የሚነካ ነገር ሁለት ሰው ካላጸደቀው አያልፍም።

የአስጠጊዎቹ ዝርዝር ደግሞ እዚያ ሰርቨር ላይ የለም። አስጠጊዎቹን በሙሉ በየቤታቸው ሄደን ነግረናል፤ ሁለቱ "ከእንግዲህ በቃኝ" ብለው ወጥተዋል። አልፈርድባቸውም።

"የኔን ፈቃድ ንጠቂኝ" አልኳት። "አልነጥቅም" አለች፣ ሳታየኝ። "ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኛል። እርስዎ ኮድ ማንበብ ይማራሉ።" በሃምሳ አራት ዓመቴ!

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ታደለ የጮኸውን ያዮ ነው የሰሙት። ማን እንደፈቀደ የተጻፈበትን መዝገብ ደግሞ ሁሩሙ ውስጥ ገልጦ የሚያይ የለም፣ እትዬ" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ለእትዬ ድንቄ ባልነግራቸው አያውቁም።

ቀኑን ሙሉ ይህን ሳኝከው ዋልኩ። ጣፋጭ ነበር፣ አልዋሽም።

ሐሙስ

ነገርኳቸው።

ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው፣ የተጠቀለለ እጃቸውን ትራስ ላይ አስደግፈው ነበር። ብርቱካን ይዤ ሄጄ፣ ሳልልጥ፣ ሳላስቀምጥ፣ ቆሜ ነገርኳቸው። ሰላምታውን፣ "ፍቀድ" የሚለውን፣ ሁሉንም። አጎራባች አልጋ ያሉት ሁሉ ጆሯቸውን ቀስረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የተጠቀለለ እጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

"እንግዲያ ጣቴን የበላሽው አንቺ ነሽ።"

"አዎ እትዬ።"

"ያንንም አውሬ ረገጥሽው አሉ።"

"ረገጥኩት።"

"የሱን ጣት መርገጥሽ የኔን አይመልስልኝም።" ጤነኛ እጃቸውን ዘርግተው ቀኝ እጄን ያዙና እንደ ገበያ ዶሮ ክንፍ አገላበጡት። ጥፍሬን ቀለም ተቀብቼ ነበር፣ አፈርኩ። "ቡናዬ ዛፉ ላይ ቀልቷል። በሦስት ጣት አይለቀምም። ከቅዳሜ ጀምረሽ ይህን እጅ ሁሩሙ አምጪው።"

ይቅር ማለታቸው ነው? አልጠየቅኩም። ብርቱካኑን አስልጠው በሉ፣ ለኔ አልሰጡኝም።

ቅዳሜ

ጀርባዬ ተሰብሯል። ጥፍሬ ሥር ጥቁር ቆሻሻ ገብቷል፣ አውራ ጣቴ ቆስሏል። ግማሽ ቅርጫት! የእትዬ ድንቄ የእህት ልጅ ሁለት ቅርጫት ሞልታ "እትዬ፣ ፍሬውን ነው ወይስ ወሬውን የሚለቅሙት?" አለችኝ። ጥሬውንም ከቀዩ ጋር ስለቀላቀልኩ እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ እያዩ ጥሬውን ወረወሩብኝ። አንዱ ግንባሬን አገኘኝ። በግራ እጅ! ኢላማቸው ደህና ነው።

አያንቱም ነበረች። አጠገቤ ለቀመች። እስከ ምሳ አላናገረችኝም። ከዚያ አጎንብሳ፣ "ከላይ አይደለም፣ ከግንዱ ጀምረው ወደ ጫፍ ይሂዱ" አለችኝ። ይኸው ነው። ቆጥሬዋለሁ፣ ሰባት ቃል።

በሩ አዲስ ነው፣ ወፍራም ዋንዛ። ጠዋት ሳንኳኳ ከውስጥ "ማነው?" አሉ። "አስቴር ነኝ።" "ከማን ጋር?" "ብቻዬን።" "ድምፅሽን ደግሜ ልስማው።" ሁሩሙ ውስጥ እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። ደጅ ቆሜ ሦስቱንም መለስኩ።

ታደለ እስር ላይ ነው። የእህቱ ልጅ አልተያዘም፤ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

እና ደግሞ ይህ አለ። ልክ ቅርጫቱን ሳስረክብ ስልኬ ጮኸ። አዲስ ሰው ሥራ ልኳል። "እትዬ አስቴር፣ እንደምን ሰነበቱ? እናንተን ለመርዳት ነው፣ ቤተሰብ ሁሉ ደህና?" አርባ አንድ መስመር። የፋብሪካውን ደንብ ይነካል። ሌንሳ አንብባ በበኩሏ አጽድቃለች፤ የኔ ብቻ ቀርቷል።

ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ምናልባት የዋህ ተማሪ ይሆናል፣ መልስ እየጠበቀ። እናቴ ሰላምታ ሳልመልስ መቀመጤን ብትሰማ ምርኩዟን ታነሣብኛለች።

አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ነኝ። አልገባኝም። ነገ ሌንሳን እጠይቃታለሁ። እስከዚያ በር ላይ ይቁም።