ፕሪሚየም ቤንዚንና ያልጠየቅሁት ይቅርታ

ደባርቅ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

«ቤንዚኑን ሸጠኸው ቢሆንም ይቅር ብዬሃለሁ፤ ወንድሜ ነህ።»

የእህቴ ባል አያልነህ ዛሬ በአቦ ማኅበራችን ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ያለኝ ቃል በቃል ይህ ነው።

የጋራ ፒካፓችንን ከጎንደር ባመጣው፣ ፕሪሚየም በሚባለው ውድ ቤንዚን ሞልቶ ሰጠኝ። ገብስ ጭኜ ስሜን ተራሮች ላይ ካለችው ጨነቅ ደርሼ ተመለስኩ። ቤንዚኑ እንደ ወትሮው አለቀ። እሱ ግን ፕሪሚየም ከተራው ቤንዚን ይልቅ ሩቅ ይወስዳል ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ሌባው እኔ ነኝ።

ማጉረምረሙን እንደሰማሁ ሁለቱንም ቤንዚን በየተራ ሞልቼ፣ ያንኑ ጭነት ጭኜ ዳባት ተመላለስኩ። ልዩነት የለም። ሞተሩ የተሠራው ለተራው ቤንዚን ነው። ዛሬ ይህን ስነግረው፣

«የተማረ ሰው መቼም ማስረጃ አያጣም!» አለ። ማኅበርተኛው ሳቀ።

የንስሐ አባታችን ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ይቅር ካለህ ምን ቀረ? ተነሥና ሳመው።»

«አባ፣ ያልሰረቅሁትን እንዴት ይቅር እባላለሁ?»

እህቴ በዓይኗ ለመነችኝ። አልተነሣሁም። ብነሣ ስርቆቱን አመንኩ ማለት ነው። 

ነገ የምልክበት ቃል ይህ ነው፦ ይቅርታህን መልሰህ ውሰድ። ቤንዚኑን አለመሸጤን ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ስጠኝ።