እማዬ የማታውቀው ሆዴ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

አልወረደም። ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል ነው። በሹካ ፈጭቼው፣ አኝኬ አኝኬ፣ ተለማምጬ የዋጥኩት ደረቴ ላይ ቆሞ ቀረ። ጓሮ ሄጄ አወጣሁት። አዲስ አበባ ያለችው ሲስተር በስልክ "ቀስ ብለሽ ብዪ" ትለኛለች። ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ እንቁላሉ ጫጩት ይሆናል።

አፌን ተጉመጥሙጬ ስመለስ እማዬ በር ላይ ቆማለች። ጃንጥላዋ ተሰብሯል፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ ጀርባዋ ላይ ስልቻ አዝላለች። ከገጠር ድረስ፣ በዚህ ዝናብ፣ ግማሹን በእግሯ ግማሹን በመኪና። የአገራችን ሰው ገበያ ወጥቶ አይቶኝ ኖሯል፣ "ልጅሽ አልቃለች፣ በነፍሷ ድረሽ" ብሏት። መጀመሪያ ስታየኝ አላወቀችኝም። ስታውቀኝ እዛው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከፋሲካ ወዲህ ሃያ አምስት ኪሎ ቀንሻለሁ። እኔ በሚዛን እደሰታለሁ፣ እናቴ ደጃፍ ላይ ታለቅሳለች።

በግንቦት አዲስ አበባ ሄጄ የሐሞት ጠጠር ያወጡልኝ ነው የሚመስላት። እንደዛ ነው የነገርኳት። ጨጓራዬን ቆርጠው ሲኒ የማታክል ብቻ እንደተዉልኝ የሚያውቁት ባሌ ጌትነት፣ ንስሐ አባቴና ሲስተር ናቸው።

ማታ እግሬን እያሸችኝ "ጓሮ ሲያስመልስሽ ሰምቻለሁ። ይውጣልሽ። መውጣቱ ደግ ነው" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

የዛሬ ምግቤ፦

ጠዋት፣ የተጣራ የምስር ሾርባ። ወረደ።

ረፋድ፣ እርጎ። በፍልሰታ። ንስሐ አባቴ "መድኃኒትሽ ነው፣ ብዪው" ብለውኛል፣ ግን እማዬ ፊት የት አባቴ ደፍሬ። ሱቄ ወስጄ ከጧፉ ካርቶን ኋላ ተደብቄ በላሁት። አንዲት ሴትዮ ነጠላ ልትገዛ ገብታ ከመሬት ብቅ ስልባት ክው አለች።

ምሳ፣ እማዬ።

የሱፍ ፍትፍት ሠርታ፣ ጡጫ የምታክል ጉርሻ ጠቅልላ መጣች። "በሞቴ" አለች። ጎረስኩ። "አፈር ስሆን" አለች። ደገምኩ። ሦስተኛውን ስትጠቀልል ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ዝናብ እየመታኝ ግድግዳውን ተደግፌ ሳስመልስ ከኋላዬ ራሴን ይዛ "እሰይ፣ እሰይ" ትላለች። አናደደችኝ። ምን ያስደስታታል?

አንድ ደግ ነገር ልጻፍ። ጠዋት ጌትነት ባጃጁን አቁሞ በእግር ይዞኝ ወጣ። ሲስተር በየቀኑ ተራመጂ ስላለች ነው። ጓደኞቹ በአጠገባችን እየነዱ "ጌትሽ፣ ነዳጅ አለቀ እንዴ?" ይሉታል። ዱሮ አምስቴ ቆሜ የምተነፍስበትን ዳገት ሳላርፍ ወጥቼ ሱቄ ደረስኩ። ጉልበቴ አልጮኸም። ስኳሬም ወርዷል። እግሬ ይቆረጣል ተብዬ ነበር እኮ በሚያዝያ። ግን ማን ያውቃል ይሄን? ሰፈሩ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ጎረቤቴ "እግዜር ይማርሽ፣ መድኃኒቱን አታቋርጪ ብቻ" አለችኝ፣ የትኛውን በሽታ እንዳሰበች ገብቶኛል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ጌትነት "ንገሪያት" ይላል። ለመናገርማ አፍ አለኝ።

እማዬ ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ነበራት። በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ አራት ዓመቱ ነበር፣ አዝላው ወደ መጠለያ ስትሄድ መንገድ ላይ ሞተ። እኛ ቤት የሚታወቀው ይሄ ብቻ ነው። ስሙ አይነሳም። እኔ ከዛ በኋላ ተወለድኩ። ሳህኔ ላይ ካስተረፍኩ "ብዪ፣ ለሁለት ነው የምትበዪው" ትለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ለሁለት ማለት ለማንና ለማን እንደሆነ አይገባኝም። እበላለሁ። ስወፍር ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ገበያ ይዛኝ ወጥታ ጉንጬን በሁለት ጣት ይዛ "ወዟን እዩልኝ" ትል ነበር። ጎረምሶቹ ሲስቁብኝ እሷ ምርቃት ይመስላታል።

እንግዲህ ለዚች ሴት ምን ብዬ ነው የምነግራት? በሽተኛ ጨጓራ ቢሆን እሺ። ደህናውን ነው። እንዳልበላ ብዬ፣ ለምኜ፣ ፈርሜ አስቆረጥኩት ልበላት?

ሆድ ይፍጀው ይባላል። የኔ ሆድ ምኑን ይፍጀው፣ ቦታ የለው።

ዛሬም ሁለቴ አስመለሰኝ። ምሽት ላይ እማዬ ጆግ አጥባ አስቀመጠች። ነገ ጸበል ልትወስደኝ ነው። ጸበልማ ደስ ይለኛል አልኳት፣ እውነቴን ነው። ሁለት ጉንጭ እጠጣለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ፣ እመለሳለሁ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጌትነት ነዳጅ ሊሰለፍ በጨለማ ወጥቷል። እኔና እማዬ ቁልቁል ወረድን። ጭጋጉ ሰው ከሰው አያሳይም፣ ሴቶቹ በነጠላ ተከናንበው ቆመዋል። ተራዬ ደርሶ ሁለት ጉንጭ ጠጣሁና ጆጉን መለስኩላት። አልተቀበለችኝም። "ጨርሺው። እስኪወጣልሽ ነው የሚጠጣው" አለች።

ያኔ ገባኝ። እሰይ ስትለኝ የሰነበተችው ለካ ለዚህ ነው። ሆዴ ውስጥ የገባ ነገር አለ ብላለች። ዓይን ይሁን መድኃኒት ይሁን እሷ ታውቃለች። ባስመለስኩ ቁጥር እሱ እየወጣልኝ ነው የሚመስላት።

"እማዬ አልችልም" አልኳት። የሚያጠምቁት ቄስ ሰምተው "እናቴ፣ አያስገድዷት፣ ጠብታውም ያው ጸበል ነው" አሏት። እሺ አባቴ አለችና እሳቸው ወደ ሌላዋ ሲዞሩ ጆጉን አፌ ላይ ደገነችው። "በሞቴ" አለች። ልቀብራት ነው? ጠጣሁ። አምላኬ ሆይ ጠጣሁ። ሞኝ ነኝ።

ሕመሙን አልጽፈውም። ተንበርክኬ አወጣሁት፣ ውሃው ካለቀ በኋላም አልቆመም፣ መጨረሻ ላይ ቀጭን የደም ክር መጣ። ክሩን ስታይ እማዬ እልል አለች። ከጎኗ የነበሩት ሴቶችም ተቀበሏት። መሬቱን ሳመች፣ ከዛ እኔን ሳመችኝ። ፊቷ ከስንት ዘመን በኋላ በርቶ አየሁት። እኔ ጭቃው ላይ ነበርኩ።

ተደግፌ ስመለስ "ሰባት ቀን ነው፣ የኔ ዓለም፣ ስድስት ይቀረናል" አለችኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ጌትነት ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ደሙ ከቆመ ደህና ነው፣ ግን ውስጡን የምናይበት መሣሪያ የለንም አሉ። ለሲስተር ደወልኩ። ተቆጣችኝ። ፈሳሽ ብቻ፣ እሱም በማንኪያ፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት እንዳያልፍ። ደም ከደገመሽ ሰዓት አታሳልፊ አለች። ማክሰኞ አዲስ አበባ ያዩኛል፣ አውሮፕላኑ ከበረረ። በጋሸና በኩል ያለውን መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ስለሚሰነብት አላምነውም።

ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ እናደዳለሁ። ጌትነትን ያለ ጥፋቱ ጮህኩበት።

እማዬ ከሰዓት ሄዳ ለነገ ተራ ይዛልኝ መጣች።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ጎህ ሲቀድ ጆጓን ይዛ አልጋዬ አጠገብ ቆመች። ጌትነት "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ አትሄድም" አላት።

"ምን ሆና?"

እሱ ወደ እኔ ዞረ። አሁን ካልተናገርኩ ልሄድ ነው፣ ከሄድኩ ደግሞ መጠጣቴ ነው፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

"ሐሞት አይደለም እማዬ። ጨጓራዬን ነው ያስቆረጥኩት" አልኳት።

"ታሞ?"

"አልታመመም። እንዳልበላ ብዬ ነው።"

ስለ ስኳሩ፣ ስለ እግሬ፣ ሐኪሙ ስላለኝ ሁሉ ቀጠልኩ፣ እሷ ግን "እንዳልበላ" ላይ ቀርታለች። ከንፈሯ ቃሉን ሲደግመው አየሁት። ትጮኻለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የቆረጡትን የት ቀበሩት?" አለችኝ።

አስቤውም አላውቅ።

"አላውቅም።"

"ሥጋሽን ሳትቀብሪ መጣሽ?"

ጆጉን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ጌትነት ከኋላዋ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ አገኛት። ተዉኝ አለችው። ቅዳሴ ወጥቶ ተመለሰች፣ እህል አልቀመሰችም፣ ግድግዳ ዞራ ተኛች። እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደም አልደገመኝም። ሌላ የምጽፈው የለም፣ ሆዴ ባብቷል።

እሁድ፣ ነሐሴ 11

ጠዋት ስልቻዋን አስራ አየሁ። ልትሄድ ነው አልኩ። ልለምናት ፈለግሁ፣ በምን አፌ።

ከቅዳሴ መልስ ግን ስልቻዋን ትታ ጓዳ ገባች። የአጃ አጥሚት ሠርታ፣ ቀጭን አድርጋ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ቁጭ አለች። ልታስጠጣኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። አላስጠጣችኝም። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ማውራት ጀመረች።

"ወንድምሽ መንገድ ላይ አልሞተም" አለች።

ጌትነት በሩ ላይ ቆመ።

"መጠለያው ደርሰን ነበር። ነጭ የለበሰች ልጅ ተቀበለችን። ማንኪያ ሰጠችኝ። በዚች በማንኪያ ስጪው፣ ቢያለቅስም እንዳትጨምሪለት፣ ሆዱ ጠቧል አለችኝ። እኔ የልጅ ሆድ ይጠባል ሲባል ሰምቼ አላውቅ። የንፉግ ወሬ መሰለኝ። ሲመሽ 'እማ፣ ጨምሪልኝ' አለኝ። ከሰው ንፍሮ ለምኜ አበላሁት። እየሳቀ ነው የበላው። ደስ ብሎኝ አቅፌው ተኛሁ። ሲነጋ ቀዝቅዟል።"

ስሙን ጠራችው። ደሳለኝ። ይሄን ያህል ዓመት ስኖር ወንድሜ ደሳለኝ መባሉን አላውቅም ነበር።

እጇን ያዝኩት። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ሳለቅስ ደግሞ ስፌቴ ያመኛል። "ሐሙስ ዕለት ሁለተኛዬን ልገድል ነበር" አለች። "አልገደልሽኝም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ" አልኳት። የሰማችኝ አልመሰለኝም።

ከዛ ማንኪያውን አነሳች። "ያንቺስ ሆድ ስንት ይችላል? በስልክ የምታወሪያት ልጅ ስንት አለች?"

"ሦስት።"

አንድ ሰጠችኝ። ጠበቀች፣ ጉሮሮዬን እያየች። ወረደ። ሁለተኛውን ሰጠችኝ። ወረደ። ከሦስተኛው ጥቂቱ አገጬ ላይ ፈሰሰ፣ በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

ማክሰኞ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። የሆነ ቦታ ጠቦ ይሆናል፣ እንደገና ይከፍቱኝም ይሆናል። ስደክም ዓይኔ ጭልም ይላል። ግን ቀዶ ሕክምናው ካለፈ ወዲህ ያልተሰማኝ ነገር ዛሬ ተሰማኝ። ራበኝ። አጥሚቱ ሞቅ ብሎ ይሸታል፣ ሳህኑ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል።

"እማዬ፣ አንድ ጨምሪልኝ" አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ሳህኑን ከፊቴ አነሳች፣ ለጌትነት አቀበለችው፣ ከዛ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጎትታ አለቀሰች። አልጨመረችልኝም።