በስለት የሰጠሁት መተንፈሻ

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ ለሀብትነሽ፣ ድሬዳዋ።

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? እንዴት ከረምሽ? ክረምቱ ወጥቶ፣ መስከረም ጠብቶ፣ ጥቅምትም አልፎ፣ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ኅዳር ተጋመሰ። ሙቀቱ በረድ አለላችሁ ወይ? የባለቤትሽ የገነነ ጉልበት እንዴት ሆነለት? ልጆቹስ? ያ ሲያምሽ የነበረው ዓይንሽ ተሻለሽ? እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ደኅና ነኝ እላለሁ። ለአንቺ ግን ደኅና ነኝ እያልሁ ብዙ ጊዜ ስለዋሸሁ ዛሬ ቃሉ ብዕሬ ላይ ከበደኝ።

የስልኩ መስመር ከጠፋ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። መንገዱም አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ከልብስ ስፌት ሱቄ ጎን ጫማ የሚሸጠው ታከለ ሐሙስ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ስላለኝ፣ ከዚያ በፖስታ ይልክልኛል ብዬ ጻፍሁ። እውነቱን ለመናገር ስልኩ ባይጠፋም ይህን በስልክ አልነግርሽም ነበር። ድምፅሽን እየሰማሁ አልችልም።

ማሽኑ የለም፣ እታለም። ገነነ ከድሬዳዋ እስከ ፍኖተ ሰላም እንደ ሕፃን ታቅፎ ያመጣልኝ፣ ስተኛ አየር እየነፋ ትንፋሼ እንዳይቋረጥ የሚያደርገው ማሽን፣ ከግንቦት ጀምሮ እኔ ዘንድ አልነበረም። በሰኔ ደውለሽ «ማሽኑን ታደርገዋለህ ወይ?» ብትይኝ «መቼ ለይቼው» አልሁሽ። «እስቲ ድምፁን አሰማኝ» አልሽ፤ እየሳቅሽ ነበር። የስፌት መኪናዬን ሞተር አስነስቼ ስልኩን አስጠጋሁት። «ተመስገን፣ ደኅና ይሠራል» አልሽ። ያ ተመስገን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ወይም ከመሐሉ። መጀመሪያው የት እንደሆነ አሁን አላውቀውም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ መቶ አርባ ስምንት ኪሎ ሳለሁ፣ ወደ ግሽ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ወዳለችው ትንሿ ጠበል ሄጄ ተሳልሁ። ከሐኪም ቢላዋ በሕይወት ካወጣኸኝ፣ እንቅልፌንም የሰው እንቅልፍ ካደረግህልኝ፣ ማሽኑን አምጥቼ እሰጣለሁ አልሁ። ለማንም አልነገርሁም፣ ለሚስቴ ለአምለሰት እንኳ። የዳነ ሰው የሕመሙን ዕቃ እዚያ ሰቅሎ ይሄድ የለ? ምርኩዝ፣ ክራንች፣ የታሰረበትን ሰንሰለት። እኔ የምሰቅለው ሌላ ምን ነበረኝ? ሆዴን ልሰቅለው አልችል።

ሐኪሞቹ ጨጓራዬን ቆርጠው የሙዝ ያህል አስቀሩልኝ። በሰባት ወር ሃምሳ አንድ ኪሎ ቀነስሁ። የራሴን ሱሪ አራት ጊዜ አጠበብሁት፤ በአምስተኛው ተውሁትና አዲስ ቆረጥሁ። ሰው ሱቄ ድረስ እየመጣ «ኧረ ወንዳወቅ፣ ግማሽህን የት ጥለኸው መጣህ?» ይለኛል። ድግስ ቤት ሦስት ጉርሻ በልቼ ስነሣ ሴቶቹ «ምነው፣ ወጣችን መረረህ?» ብለው ይቆጣሉ። ማንኮራፋቴም ጠፋ። አምለሰት በትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታ ሰማሁ አለች።

ፊቴ ሲከሳ የማሽኑ ጭንብል አልይዝ አለኝ። ማሰሪያውን በራሴ መርፌ ሁለት ጊዜ አሳጠርሁት፤ አየሩ ግን በጉንጬ በኩል እያፏጨ ይወጣል። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ክብደትህ ስለወረደ በሽታው ሄዷል ማለት አይደለም፣ በስድስተኛው ወር ና፣ ተኝተህ እንመረምርሃለን፣ ግፊቱንም ጭንብሉንም በአዲሱ ፊትህ ልክ እናስተካክላለን፣ እስከዚያ ማሽኑን እንዳትተው፣ ብሎኛል። የሰጠኝ ወረቀት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ስድስተኛው ወር ሲደርስ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። በመዘጋቱ ደስ አለኝ፣ እታለም። ይህንንም እወቂብኝ።

በግንቦት ማሽኑን ወልውዬ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድሁት። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሜ መሰከርሁ። ምን እንደሚሠራም አስረዳሁ። በዚህች ቀዳዳ ውኃ ይጨመርበታል፣ በዚህ ቱቦ አየር ይወጣል፣ ከእንግዲህ ግን አልፈልገውም አልሁ። እልልታው! እንዲያ ያለ እልልታ በሠርጌ ቀንም አልሰማሁ። በዕድሜዬ ሙሉ ሰው ሲያየኝ የሚያየው ሆዴን ነበር። ያን ቀን እኔን አዩኝ። ወይም መሰለኝ።

በሐምሌ ተመለሰብኝ። ተመለሰ እላለሁ እንጂ መቼ ሄዶ። ጠዋት ስነሣ ራሴ ድንጋይ የተጫነበት ይመስላል። ቀን የስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋሁ እነቃለሁ። መስከረም ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ መርፌው የግራ ጣቴን ከነጥፍሩ በሳው። ልብስ ልትወስድ የመጣችው ሴትዮ «ጋሼ፣ ጣትዎንም አብረው ሊሸጡልኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ።

ያ ዝምታ እንቅልፍ አልነበረም። አምለሰት ደረቴ ላይ እጇን አድርጋ ስታዳምጥ ከርማለች። «አባታችን ሆይ ብዬ እጀምራለሁ፤ የዕለት እንጀራችንን ከሚለው እስክደርስ አትተነፍስም» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና ሳትል። በሌላ ቀን «ዛሬ አሜን ደረስሁ» አለች። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰች አልጠይቃትም።

ሂድና ማሽኑን አምጣው ትለኝ ነበር። ሲነገር ቀላል ነው። በነሐሴ እንቁ የምትባል የደምበጫ ጠጅ ነጋዴ ቀሚስ ልታስጠብብ መጣች። በምስክርነቴ ቀን እዚያ ነበረች። የደም ግፊት ኪኒኗን ትታ ጠበሉን ብቻ ይዛለች። «እርስዎን ያልጣለ እኔን አይጥለኝም» አለችኝ፣ እንደ ዘመድ ትከሻዬን እየመታች። ቀሚሷን አጠበብሁላት። ማሽኑን መልሼ ባወርድ ይህችን ሴት ምን እላታለሁ? ባላወርደውስ? እንዲህ እያልሁ መስከረምም አለፈ።

ጥቅምት ሲያልቅ ሄድሁ። ማሽኑ ከክራንቾቹ መሐል በአንድ ጎኑ ተንጋድዶ ተሰቅሏል። ጠበሉን የሚጠብቁት መነኩሲት፣ እማሆይ ደስታነሽ፣ አዩኝና ፊታቸው በራ። አውርደው ሰጡኝ። «አንድ ቅዳሜ እንኳ ውኃ አላስጠማሁትም፣ ልጄ፤ አንተ ባሳየኸን ቀዳዳ ጠበል እየሞላሁ ነው ያቆየሁልህ» አሉኝ። እንደተንጋደደ ሲሞላ የከረመው ውኃ ሁሉ ወደ ሞተሩ ወርዷል። ሳዘነብለው ዝገት የቀላቀለ ውኃ ከሆዱ ወጣ፣ በነጠላቸውም ጫፍ ጠረጉት። ቀዳዳውን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ምን ልበላቸው? እግዜር ይስጥልኝ እማሆይ አልሁ። የጠበሉ ቄስ ትንሽ ሸኙኝ። «ያን ቀን ሐኪሙ ምን አለህ ልልህ ስነሣ እልልታው ቀደመኝ» አሉኝ። በስለት የሰጠሁትን ስወስድም አልከለከሉኝም። ቢከለክሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ቡሬ ወስጄ ሬዲዮ ለሚጠግነው ለእንዳለው አሳየሁት። ከፈተው፣ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተው። «ጋሼ፣ ይህማ ጠበሉን ጠጥቶ ጠግቧል፤ የሚጮህ ጋኔን እንኳ አልቀረው» አለና ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን አቋረጠ። ሞተሩ ተበላሽቷል፣ የሚተካውም ዕቃ እዚህ አገር አይገኝም አለኝ።

በማግሥቱ ደምበጫ ወርጄ ለእንቁ ነገርኋት። አልዳንሁም፣ ተሳስቼ ነው የመሰከርሁት፣ ኪኒንሽን ዛሬ ጀምሪ አልኋት። «ይህ ፈተና ነው፣ ጋሼ ወንዳወቅ። እርስዎ አይደሉም የሚናገሩት» አለችና ልጠጣው የማልችለውን ጠጅ ቀዳችልኝ። ወጥቼ መናኸሪያ ቆምሁ። በግንቦት ያመነችኝን ያህል በኅዳር አላመነችኝም።

አሁን የማደርገውን ልንገርሽ። ወረቀቱ በጎን መተኛት ይረዳል ስለሚል፣ ሸሚዜ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍቼ ፍሬው የተፈለፈለ ሦስት የበቆሎ ቆረቆንዳ ከተትሁበት፤ በጀርባዬ ስገለበጥ ወግቶ ይመልሰኛል። የአልጋውን ራስጌ በጡብ ከፍ አድርጌዋለሁ። ትንሽ ቀነሰልኝ፣ አልቀረም። የቀረውን የምትሸከመው አምለሰት ናት። ትንፋሼ ሲቆም ትነቀንቀኛለች፤ ስመለስ ትጋደማለች፤ ደግሞ ትነሣለች። አራት ወር እንዲህ አደረች። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ዳር ቆማ አንቀላፍታ ባጃጅ ለጥቂት ሳታት። የምተነፍሰው ከእርሷ ዕድሜ እየቀነስሁ ነው። ይህን ለእርሷ ብላት ትቆጣኛለች።

ነገ ወደ ፈረስ ቤት ትሄዳለች። እናቷ እማማ በለጠች ጠናባቸው የሚል መልእክት መጣ፤ መንገዱም ተከፍቷል፣ ለስንት ቀን እንደሆነ አይታወቅም። አልሄድም ብላ ነበር። «እናቴ ሌሎች ልጆች አሏት፣ አንተ ማን አለህ?» አለችኝ። ጎረቤት አስተኛለሁ ብዬ አሳመንኋት። አልጠየቅሁም፣ እታለም። ማንን? ምን ብዬ? በዚህ ሰፈር እኔ የዳነ ሰው ነኝ። ልጅ አልወለድን፣ የሚያዳምጠኝ ሌላ ሰው የለም። የምትመለሰው ዓርብ ነው። እስከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ለማደር አስቤያለሁ፤ ግን እንቅልፉን አውቀዋለሁ፣ አስፈቅዶ አይመጣም።

ሌላ ማሽን ፈልጊልኝ ልልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ወረቀቱን ቀደድሁት። ያንን ያገኛችሁት ስንት ደጅ ጠንታችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። መንገዱ ከጸና አዲስ አበባ ሄጄ መመርመር አለብኝ። እስከዚያ ድረስ መቆየቴን እንጃ። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ክፉ ነገር ከሰማሽ አምለሰትን እንዳትወቅሻት፤ ትታው ሄደች የሚል ሰው ካለም ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። ሂጂ ያልኋት፣ የዋሸኋትም እኔ ነኝ። እማሆይንም ማንም ክፉ ቃል እንዳይናገራቸው።

ለገነነ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ ስላቀፈው እጁ ይቅርታ እንደምጠይቀው ንገሪው፣ በቀስታ ንገሪው። ለፍጹም፣ በትምህርቱ እንዲበረታ። ለፋና፣ የልኳን ቁጥር ስለላከችልኝ ቀሚሷን ቆርጬዋለሁ፣ የቀረው እጅጌው ነው። አምለሰት ሁላችሁንም እንዴት ናችሁ ትላለች፤ የምጽፈውን አታውቅም፣ ስንቅ እየቋጠረች ነው።

ደብዳቤውን ዛሬ እጨርሰዋለሁ እንጂ ፖስታው ላይ አድራሻሽን አልጽፍም። ሐሙስ ጠዋት ነው የምጽፈው። ሱቄን ተዘግቶ ካገኘኸው ቤት ግባ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ውሰድ፣ አድራሻውንም ራስህ ጻፍበት ብዬ፣ አድራሻሽን በብጣሽ ወረቀት ለታከለ ሰጥቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። የእጄን ጽሕፈት ታውቂዋለሽ፣ እታለም። ፖስታውን መልሰሽ እዪው።

ወንድምሽ ወንዳወቅ
ፍኖተ ሰላም
ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.