የተሰቀለው መሰላል

ለምወድሽ እህቴ ለኣብርሄት፣

እንደምን ሰንብተሻል፣ ሓፍተይ? ከክረምት ጀምሮ ያስቸገረሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ መሐል ቆመሽ ታርፊያለሽ? ባለቤትሽ ወልደኣብስ ደም ግፊቱን ይለካል ወይስ እንደ ልማዱ «ደኅና ነኝ» እያለ ያሳልፈዋል? ልጆቹን ዮሃናንና ቴዲን ትምህርቱ እንዴት ይዟቸዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የቤቴ እመቤት ንግስቲ ሰኞ ጾም ስለሚገባ ከትናንት ጀምራ ድስቱንና ሳህኑን ሁሉ ታጥባለች። እኔም ከናፍቆትሽና ከዓይኔ ድካም በቀር የምነግርሽ ሕመም የለኝም። መነጽር ቀይሬአለሁ፤ አዲሱም አይረባም።

ደብዳቤሽ በጥር መጨረሻ ደረሰኝ። «ጋሼ፣ ዐቃቤ ሕግ ሁንና የፀጋዘአብን ገዳይ አንተው ራስህ ፍርድ ቤት አቁምልኝ፤ ለዚህ ካልሆነ በሃምሳ ሦስት ዓመትህ ከልጆች ጋር ደብተር መያዝህ ለምን ነበር?» ብለሻል። ጥያቄሽ ትክክል ነው። መልሱ ግን አንቺ የምትጠብቂው አይደለም፤ እኔም አልጠበቅሁትም ነበር። ስለዚህ አንድም መስመር ሳታልፊ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ለወልደኣብም ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

አስቀድሜ ስለ ትምህርቱ ልንገርሽ። የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ሠላሳ አንድ ነን፤ ገሚሱ ልጄ የሚሆን፣ ገሚሱ ከትግል ሜዳ የተመለሰ ተጋዳላይ። ልጆቹ ማስታወሻቸው ላይ ቀን አይጽፉም። ሃያ ሰባት ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር ስቆጣበት የኖርኩትን ነገር አሁን አጠገቤ ተቀምጠው ያደርጉታል። የማስረጃ ሕግ የሚያስተምረን ደግሞ ኤፍረም ነው፤ አሥረኛ ክፍል ሳለ አርፍዶ መጣ ብዬ በር ላይ ያቆምኩት ኤፍረም። መስከረም ላይ አምስት ደቂቃ ባረፍድ ሰዓቱን አይቶ «ይግቡ መምህር፤ እኔ በር ላይ አላቆምም» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አርፍጄ አላውቅም።

በዚህ አጋማሽ እያንዳንዱ ተማሪ የሚያጠናውን መስክ ይመርጣል። አንዱ ዐቃቤ ሕግነትና ጥብቅና ነው፣ ሌላው የእስር ቤት አስተዳደር፣ ሦስተኛው የወንጀል ምርመራና ማስረጃ። የመጀመሪያውን ሁሉም ይሻማበታል፤ ካባ ይለበስበታል፣ ቆሞ ይነገርበታል። እኔም ከተመዘገብኩ ጀምሮ ልቤ እሱ ላይ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ፣ አንድ ቀን ቆሜ የማሰማውን ክስ በልቤ ሳጠና ኖሬአለሁ።

የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ ግን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ በቅደም ተከተል ያልተጻፈ ነገር አላምንም። በመጋቢት 1985 ወንድማችን ፀጋዘአብ የአሮጌ ብረት ሠራተኞች ሰፈር በሆነው መደበር ውስጥ፣ ከሸሪኩ ከተኽኣ ጋር ከአሮጌ በርሜል ፎርኔሎና ባልዲ በሚሠሩበት ቤት፣ ጭንቅላቱ ከኋላ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። በዋዜማው ሁለቱ በጣሪያው ጭስ መውጫ ጥገና ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ተኽኣ ታሰረ። ከስድስት ወር በኋላ ክስ ሳይመሠረትበት «በቂ ማስረጃ የለም» ተብሎ ተለቀቀ። እሱ በተለቀቀበት ወር እኔ ማስተማሬን ትቼ ተመዘገብኩ።

ባለፈው ኅዳር ኤፍረም እያንዳንዳችን አንድ የተዘጋ መዝገብ አንብበን ጉድለቱን እንድንጽፍ አዘዘን። እኔ የፀጋዘአብን ጠየቅኩ። ሁለት ጊዜ ከለከለኝ። በሦስተኛው «ስለማያውቁት ሰው እንደሚጽፉ አድርገው ይጻፉ» ብሎ ፈቀደልኝ። መዝገቡ ሰባት ገጽ ነው። ምርመራው የት ላይ እንደላላ አግኝቼ ተኽኣን መልሼ ለመያዝ ነበር የተቀመጥኩት።

ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «መሰላሉ በግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ተሰቅሎ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ሟች ከከፍታ ላይ ወድቋል ማለት አይቻልም።» ዝቅ ብሎ ደግሞ «መዶሻዎቹ እንደ ቁመታቸው ተደርድረዋል። ይህን ያደረገው የቤቱን ዕቃ የሚያውቅና ያልደነገጠ ሰው ነው» ይላል። የተኽኣ ቃልም አለ። «መሰላሉን ሰቅለነው አናውቅም፤ ግድግዳው ሥር ነው የምናጋድመው። መዶሻዎቹንም እኔ አልደረደርኳቸውም» ብሏል። መርማሪው ከሥሩ «ተጠርጣሪው በዚህ ላይ ተጨማሪ ማብራሪያ ሊሰጥ አልቻለም» ብሎ ጽፎ ፈርሟል።

ኣብርሄት፣ መሰላሉን የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

ያን ጠዋት እዚያው መደበር ያለው የወፍጮ ቤት ጠባቂ መጥቶ ሲጠራኝ ከሁሉ በፊት የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ጠባቂው ሰው ለመጥራት ሄደ፤ እኔና ፀጋዘአብ ብቻችንን ቀረን። መሰላሉ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር፤ ከላይ ሁለተኛው እርከን ተሰብሯል። መዶሻዎቹ ተበታትነዋል። ሰው ገብቶ ወንድሜ በዝርክርክ መሐል ሞቶ እንዳያየው ብዬ መሰላሉን አንስቼ ሰቀልኩ፤ መዶሻዎቹን ደረደርኩ፤ የብረት ብናኙን ጠረግኩ። ሸሚዜን እንደምቆልፍ ሳላስበው ነው ያደረግኩት። ጎረቤቶቹ ኋላ መጥተው ወለሉን በውኃ አጠቡ፤ ይህን ሲጠየቁ ተናግረዋል። መሰላሉንና መዶሻዎቹን ግን ሲገቡ ተሰቅሎና ተደርድረው ነው ያገኟቸው፤ የተሰቀለውን መሰላል እርከንም ልብ ያለ የለም። ፖሊስ የተጠራው አስከሬኑ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። መርማሪው ወጣት ነበር፤ «የነካችሁት ነገር አለ?» አለኝ። «ከወንድሜ በቀር ምንም አልነካሁም» አልኩት። የዋሸሁ አልመሰለኝም። ለእኔ ማስተካከል መንካት አልነበረም። ሐዘንተኛ ነኝና አንገቱን ደፍቶ ሁለተኛ ጥያቄ ሳይጠይቀኝ ሄደ። ያን ቀን ጨዋነቱን አከበርኩለት፤ ዛሬ ያናድደኛል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስላልደረሰ ስለ መሰላሉ ማንም አልነገረኝም። ይህ ግን ሰበብ አይሆነኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ገዳዩን ያወቅኩ ስለመሰለኝ የቀረው ነገር አላሳሰበኝም።

አንድ ነገር በትክክል ያዢልኝ። ፀጋዘአብ ወድቆ ነው የሞተው አላልኩም። መሰላሉ ወለሉ ላይ ነበር፣ እርከኑ ተሰብሮ ነበር፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ እላለሁ። መሰላሉ አሁን የት እንደደረሰ አይታወቅም። የማምነውን ከጠየቅሽኝ፣ ወድቋል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዚሁ እርግጠኝነት ተኽኣ ገደለው ብዬ አምን ነበር። በማወቅና በማመን መሐል ያለውን ርቀት ለተማሪ ሳስተምር ኖሬ ራሴ አልተማርኩትም። በእኔ ምክንያት እውነቱን ከእንግዲህ ማንም አያውቀውም።

ጽሑፌን ለኤፍረም ሰጠሁት። አንብቦ «መሰላሉን የሰቀለውን ሰው እንዴት አገኙት?» አለኝ። እኔ መሆኔን ነገርኩት። ወረቀቱን መልሶልኝ «ለዚህ ማርክ መስጠት አልችልም» አለ። «ማርክ አልጠየቅኩህም፤ ቃሌን የት እንደምሰጥ ንገረኝ» አልኩት። በማግስቱ አብሮኝ ሄደ። ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜአለሁ፤ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል።

ከዚያ በኋላ ነው ዓኽርያ ሰፈር ወደ ተኽኣ ቤት የሄድኩት። መደበር ላይ የሚያሠራው ስላጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሰፈር ፎርኔሎ ይጠግናል። ቁጭ በል አላለኝም፤ ቆሜ ነገርኩት። ድሮ አንቱ ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን አንተ አለኝ፤ ይገባኛል። «ስድስት ወር እነዚያን መዶሻዎች ማን እንደደረደራቸው ሳስብ ነበር። እኔ ማታ የጣልኩትን ጠዋት የማላገኝ ሰው ነኝ። ይህን መደበር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ አንድ ሰው እንኳ ግን አልመሰከረልኝም» አለኝ። ባለቤቱ ኣዜብ ከውስጥ ወጥታ ምን ይዤ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። የሰጠሁትን ቃል ግልባጭ አወጣሁ። «ወረቀትማ ነበረን፤ ከእስር ያስወጣውም ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ማን በራችንን አንኳኳ? ልጃችንን ዳናይትን ለልጃቸው የጠየቁት ሰዎች እንኳ ሽማግሌ ልከው ነገሩን አፈረሱት። የሟች እህት ከአዲስ አበባ መጥታ ቤት ጊዮርጊስ ደጀ ሰላም ላይ ባሌን በስሙ ጠርታ ረግማዋለች። ሰው የሰማው ያንን ነው፤ የአንተን ወረቀት ማን ያነባል?» አለችኝ። እወ፣ ልክ ነሽ ብዬ ወጣሁ።

ባለፈው ሰኞ ቅጹን ሞላሁ። የወንጀል ምርመራና ማስረጃን መርጫለሁ። የመረጥነው አራት ሰዎች ነን። ንግስቲ «ዲግሪ ይዘህ በሜትር ወለል ልትለካ ነው?» ብላ ቀለደችብኝ። ዘርዓይ የሚባል ተጋዳላይ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ «ኣቦይ ኣርኣያ፣ በእርስዎ ዕድሜ ሰው ዳኛ ወንበር ላይ ይወጣል፤ እርስዎ መሬት ላይ ሊንበረከኩ ነው» አለኝ። ይበሉ። ዐቃቤ ሕግ የሚናገረው መጀመሪያ የደረሰው ሰው የጻፈለትን ነው፤ የተጻፈው ስህተት ከሆነ ጎበዙ ዐቃቤ ሕግ ስህተቱን አሳምሮ ይናገረዋል። እኔ ከጎረቤት በፊት፣ ከውኃው በፊት፣ እንደኔ ካለ ወንድም በፊት በሩ ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ሐዘንተኛውን አንገቴን ሳልደፋ ሁለተኛውን ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፤ ቢሰድበኝም ሦስተኛውን እጠይቃለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌም ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ቤተሰብና ጎረቤት ስለሚያጥበው፣ ስለሚያነሳውና ስለሚሸፍነው ነገር ነው። ስንመረቅ ሃምሳ አራት ይሆነኛል። ጉልበቴ እስኪከዳኝ አሥር ዓመት ብሠራ ይበቃኛል።

አሁን ያንቺ ድርሻ። የፀጋዘአብን ሦስተኛ ዓመት እሑድ መጋቢት 15 ቤት ጊዮርጊስ እናስባለን፤ ለካህናቱም ነግሬአለሁ። እንደምትመጪ ቀደም ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን እኔ ቆሜ ያደረግኩትን እናገራለሁ። ከእኔ በኋላ አንቺ ተኽኣን በስሙ ትጠሪውና በረገምሽበት ቦታ እርግማንሽን ታነሺለታለሽ። የረገምሽው እኔ በሰቀልኩት መሰላል ምክንያት ነውና አልወቅስሽም። ነገር ግን ከአፍሽ የወጣውን እኔ ልመልስልሽ አልችልም፤ ብችል ኖሮ አላስቸግርሽም ነበር። ከዚያ ሁለታችን በቀን፣ ሰው እያየን፣ ዓኽርያ ሄደን በእነሱ ደጃፍ እንገባለን። ኣዜብ ምሳ እሠራለሁ አላለችም። ጠይቄአት «መጀመሪያ ትምጣ» ብላኛለች። ብትቀሪ እኔ ብቻዬን መናገሬ አይቀርም። ያን ጊዜ ግን ዳናይትን የጠየቁት ሰዎች «እህትዬው አላመነችም» ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። ተቆጪኝ፣ በስልክ ስደቢኝ፣ ከመጣሽ በኋላም ሳምንት አታናግሪኝ። ግን ነይ።

ወልደኣብን በጣም ናፍቄዋለሁ በይልኝ፤ አብሮሽ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ዮሃናን ሳሚልኝ፤ ሕግ ላጥና ወይ ብላ ለጠየቀችኝ፣ መጀመሪያ ያየችውን ነገር ሳትጨምር ሳትቀንስ መጻፍ ትልመድ። ለቴዲ የእግር ኳስ ጫማውን ንግስቲ ገዝታ አስቀምጣለታለች። ጎረቤትሽን ወይዘሮ ኣምለሰትን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ንግስቲ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ክፍልሽን አዘጋጃለሁ ብላለች። ተኽኣ ሰላም በልልኝ አላለኝም፤ ያላለውን አልጽፍልሽም።

ወንድምሽ ኣርኣያ
አስመራ፣ የካቲት 9 ቀን 1988 ዓ.ም. በእናንተ አቆጣጠር